ሄርዲስና «ሙሉ ድርሻ» የተባለው ብረት

ሄርዲስ ሹራብ መሥራት አትችልም። ከዚህ የምጀምረው ላማት ፈልጌ አይደለም፤ እሷ ራሷ ብትሰማኝ «እውነቱን ነው» ብላ ታልፈኛለች። ግን ሴልቪክ ውስጥ፣ በጉ ራሱ ሱፉን ፈትሎ የሚለብስ በሚመስልበት መንደር፣ ሃምሳ ስድስት ዓመት ሞልቷት አንዲት ካልሲ ሠርታ ያልጨረሰች ሴት እሷ ብቻ ናት። እኔ ኬቲል ሠላሳ ዓመት ባሕር ላይ የኖርኩ ወንድ ሆኜ እንኳ ሦስቱንም የልጅ ልጆቼን በእጄ የሠራሁትን ኮፍያ አልብሻለሁ። ሄርዲስ ግን ክርና መርፌ ስታይ የጥርስ ሐኪም ቤት የገባች ይመስል ፊቷ ይጨማደዳል።

የምትችለው ሌላ ነው። ዓሳ ፋብሪካው ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ቢላዋ ይዛ ቆማለች፤ አንድ ኮድ የሚባል ዓሳ አጥንቱ ወጥቶ፣ ቆዳው ተገፎ እስኪቀመጥ እኔ ገና ቢላዋዬን እየፈለግኩ ነው። አፏም ከቢላዋዋ አያንስም። ሦስት ልጅ አሳድጋለች፣ አንድ ባል ፈታለች፣ ፈትታውም የመኪናውን ዘይት የምትቀይርለት አሁንም እሷ ናት። «ሰውየውን ነው እንጂ የፈታሁት መኪናው ምን አደረገኝ?» ትላለች።

እኔ ባሕሩን ከተውኩ ወዲህ የመንደሩን መዋኛ ነው የምጠብቀው። መዋኛ ስል ገንዳውን ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከጎኑ ያለችው ትንሿ ሙቅ ገንዳ የመንደራችን ምክር ቤት ናት። ጠዋት ጠዋት እስከ አንገታችን ተነክረን የማንጨርሰው ጉዳይ የለም፤ የማንቦጭቀውም ሰው የለም። እዚያ ውስጥ የተነገረ ቃል ደግሞ ከፊርማ ይበልጣል፤ ስምንት ሰው በዋና ልብስ ሆኖ የሰማውን ነገር አልኩ አላልኩም ማለት አይቻልም።

ነገሩ የተጀመረው እዚያው ነው፤ በኦክቶበር አንድ ጠዋት።

«ኦታር ዳሌውን በብረት አስቀይሯል» አለ ስቱርላ። ስቱርላ የጀልባችን መሪ ነው፤ ሰባ አንድ ዓመቱ ነው፤ ሲናገር በቃልና በቃል መካከል አንድ ሰው ወጥቶ ልብሱን ለብሶ ሊመለስ ይችላል። «ከእንግዲህ አይቀዝፍም። ቦታው ክፍት ነው። የእህቴ ልጅ ከሬይኪያቪክ መጥቶ ብረቱን ያነሳል።»

«ያ ስልኩን በሁለት እጁ የሚያነሳው?» አልኩ። ገንዳው በሳቅ ተናወጠ።

«እኔ አነሳዋለሁ» አለች ሄርዲስ።

«ምኑን?» አለ ስቱርላ።

«ብረቱን ነዋ! ኬኩንማ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ አነሳሁት።»

ሳቁ ቀጥ አለ። ምን ማለቷ እንደሆነ ሁላችንም ገብቶናል።

በጁን የመጀመሪያው እሑድ የባሕረኞች ቀን ነው። በዚያን ቀን በስድስት ሰው የምትቀዘፈው አሮጌዋ ጀልባ የአበባ ጉንጉን ይዛ ሰባቱ አለቶች ድረስ ትሄዳለች። ከሃያ ሰባት ዓመት በፊት በፌብሩዋሪ ማዕበል አምስት ሰዎቻችን የሰመጡት እዚያ ነው። አምስተኛው ዑናር ነው፤ የሄርዲስ ታናሽ ወንድም። አስከሬኑ አልተገኘም። ስድስታችን ወንዶች ቀዝፈን ሄደን አበባውን እንጥላለን፤ ሴቶቹ ዓሳ አዳራሽ ውስጥ ኬክ እየቆረጡ ይጠብቁናል። ጀልባዋ ላይ ተሳፋሪ የለም። ስድስት ቀዛፊ፣ አንድ መሪ፣ አንድ ጉንጉን፣ በቃ።

ቀዛፊ ለመሆን ደግሞ ወደቡ ላይ የተቀመጠውን ብረት ማንሳት አለብህ። የአንድ የተሰባበረ መርከብ ዘንግ ነው፤ በግራና በቀኝ ጫፉ ድብልብል ብረት ተበይዶበታል። መቶ ሃያ ሁለት ኪሎ። «ሙሉ ድርሻ» ነው የምንለው፤ ድሮ እሱን ያነሳ ሰው ከዓሳው ሙሉ ድርሻ ስለሚወስድ ነው። ሦስት ሙከራ አለህ፤ ጓንት የለ፣ ቀበቶ የለ፣ በምትቀዝፍበት ልብስ። ቀጥ ብለህ ቆመህ፣ መሪው የአምስቱን ሟቾች ስም አንብቦ እስኪጨርስ ትይዘዋለህ። ቦታህን አንዴ ካገኘህ ደግሞ ሰውነትህ እስኪከዳህ ያንተ ነው። ኦታር አሥራ ዘጠኝ ዓመት ተቀምጦበታል። ያ የሬይኪያቪክ ጎረምሳ ከተቀመጠበት ሄርዲስ ሰማንያ ዓመት ሆኗት ነው ቀጣዩ ዕድል የሚመጣው።

«ሄርዲስ፣ ከፈለግሽ በሞተር ጀልባ...» ብሎ ጀመረ ስቱርላ።

«ወንድሜን እንደ ቱሪስት አልጎበኘውም» አለችው። «ዑናር ከዚያች ጀልባ ሦስተኛው ቦታ ላይ ነበር የሚቀዝፈው። ኦታር የተቀመጠው እሱ ቦታ ላይ ነው። እኔ ኬክ ስቆርጥ እናንተ ወንድሜ ጋ ትሄዳላችሁ። በቃ፣ ኬኩ ሰለቸኝ!»

ስቱርላ ጢሙን ከውሃው አወጣ። ከዚያ ፈገግ አለ፤ ያቺ ፈገግታው አናደደችኝ። «ብረቱ ሴት ወንድ አይልም» አለ። «ከተነሳልሽና አምስቱንም ስም ካነበብኩልሽ ቦታው ያንቺ ነው።»

ስምንት ሰው ሰማ።

ሄርዲስ ወደኔ ዞረች። «አንተ ታሠለጥነኛለህ» አለች። ጥያቄ አልነበረም።

እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኛል። እኔ ሙሉ ድርሻን ያነሳሁት በሃያ አራት ዓመቴ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ዴድሊፍት ስለሚሉት ብረት ከመሬት የማንሳት ጥበብ የማላውቀው ነገር አለ ብዬ አስቤ አላውቅም። ጀልባ ማቆያዬ ውስጥ አንድ ዘንግና ዝገት የበላቸው ክብደቶች አሉኝ፤ ማሞቂያ ግን የለኝም። ሄርዲስ የመጀመሪያው ማክሰኞ የመጣችው እንደማንኛችንም ሱፍ በሱፍ ሆና ነው። ከውስጥ ረጅሙ የሱፍ ሱሪ፣ ከላይ ወፍራም ሹራብ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ እስከ ጉልበቷ የተሳበ ግራጫ ካልሲ፤ አፉ ላይ ሁለት ቡናማ መስመር አለበት። እኔም እንዲሁ ነበርኩ። እኛ ጋ ሱፍ እንደ ልብስ አይቆጠርም፣ ማንም ልብ ብሎ አያየውም።

ሃምሳ ኪሎ ጫንኩላትና «አንሺ» አልኳት። የዓሳ ሣጥን እንደምታነሳው ጎንበስ ብላ፣ ጀርባዋን እንደ መንጠቆ አጉብጣ መነጨቀችው። ተነሳ። ወገቧን ያዘች።

«እንደዚህ አንስተሽ እስከ ገና አትደርሺም» አልኳት። «ነይ ወዲህ። ዘንጉ ከውስጥ እግርሽ መሐል በላይ ይሁን። እጅሽ ዕቃ ይዞ የመኪና በር በመቀመጫሽ እንደምትዘጊው ዳሌሽን ወደ ኋላ። ጀርባሽ ቀጥ! ብብትሽ ሥር ጋዜጣ እንደደበቅሽ እጅሽን ጠበቅ። አየር ወደ ሆድሽ ሳቢ፣ ወደ ደረትሽ አይደለም። አትመንጭቂው፤ መጀመሪያ እስኪወጠር ሳቢው፣ ከዚያ ወለሉን በእግርሽ ግፊው።»

«ይሄ ሁሉ ለአንድ ብረት? ሦስት ልጅ ስወልድ ይህን ያህል ምክር የሰጠኝ የለም።»

«ልጅ ራሱ ይወጣል፤ ብረት ግን ራሱ አይነሳም።»

«ልጅ ራሱ ይወጣል? አንተ ወልደህ ታውቃለህ?» ብላ ያንን ቀን ሙሉ ስትሰድበኝ ዋለች።

ግን ትሰማ ነበር። ማክሰኞ ከባዱን አምስት አምስት ጊዜ ታነሳለች፤ ዓርብ ቀላሉን እያቆመች፣ እየተነፈሰች፣ ቀስ ብላ ትለማመዳለች። በየሳምንቱ ጥቂት ኪሎ እንጨምራለን። «እሮብስ?» ስትለኝ «እሮብ ጉልበትሽ ቤቱ ተቀምጦ ያድጋል፤ አትረብሺው» አልኳት። ደረቅ ዓሳ በቅቤ፣ ስኪር የምንለውን ወፍራም እርጎ፣ የበግ ጭን፣ ድንች ትበላለች፤ ልጇ ከአኩሬይሪ ደውላ «እማዬ፣ ድምፅሽ ወፈረ» አለቻት። በገና ዘጠና ኪሎ ነበረች። ፌብሩዋሪ ሲያልቅ መቶ ሰባት። ሙቅ ገንዳው ውስጥ የሚስቀው ሰው እያነሰ መጣ።

ከዚያ መቶ አሥር ላይ ቀጥ አለች።

ማርች አለቀ፣ መቶ አሥር። ኤፕሪል ተጋመሰ፣ መቶ አሥር። ችግሩ ይታየኝ ነበር፤ ዘንጉ ከመሬት ሲነሳ ከቅልጥሟ አንድ ስንዝር ያህል ወደ ፊት ይሄዳል። ወደ ፊት የሄደ ብረት ደግሞ እግርን ትቶ ወገብ ላይ ነው የሚንጠለጠለው። «ወደ ቅልጥምሽ!» እያልኩ ጮህኩ፤ «ቀርቧል እኮ!» እያለች ጮኸች። የእግሯን ስፋት ቀየርኩ። አያያዟን ቀየርኩ። ጫማዋን አስወለቅኳት። ወገቧ አብጦ ፋብሪካ ውስጥ ቆማ መሥራት ሲያቅታት ሁለት ሳምንት አሳረፍኳት። ተመለሰች፤ ብረቱም ወደ ፊት ሄደ።

ስቱርላ ገንዳው ውስጥ «ዘንድሮ ኬኩ በምን ይሠራል?» አለ። የእህቱ ልጅ አዲስ የስፖርት ልብስ መግዛቱንም ነገረን፤ ማንም ሳይጠይቀው።

ሄርዲስ ያን ቀን ከሁላችን ቀድማ ከገንዳው ወጣች። ሄርዲስ ቀድማ ከወጣች ነገሩ የምር ነው። ስትወጣ በሩ ላይ ያዘችኝና «ኬቲል፣ እውነቱን ንገረኝ፤ አልችልም?» አለችኝ። ዓይኗ ቀልቷል። ክሎሪኑ ነው እንዳልል ክሎሪኑን የምጨምረው እኔ ነኝ።

«ትችያለሽ» አልኳት። እንዴት እንደሆነ ግን አላውቅም ነበር። ያን ያህል ሊቅ ነኝ ስል ኖሬ ራሴን ታዘብኩት።

ያወቅኩት በአንድ ቅዳሜ ነው። ዋናተኞቹ ሄርዲስን «እስቲ አሳዪን» ብለው ሲጨቀጭቋት ከገንዳው ወጣች፤ ውሃው እየተንጠባጠበባት፣ በዋና ልብሷ፣ የገንዳ ማጽጃዬን ረጅም እንጨት ወሰደችና መሬት ላይ አስቀመጠችው። ቆመች፣ ዳሌዋን ወደ ኋላ አደረገች፣ አየር ሳበች፣ አነሳች። እንጨቱ ቅልጥሟን እየታከከ፣ ጉልበቷን እያለፈ፣ ጭኗ ላይ ተለጥፎ ቀጥ ብሎ ወጣ። ከዚያ ያማረ አነሳስ በሕይወቴ አላየሁም። ቡናዬ ከእጄ ወደቀ።

«ድገሚ!» አልኩ። ደገመች። አሁንም ታከከ።

«ካልሲው!» ብዬ ጮህኩ። «ያ ካልሲ ነው! ብረቱ እንዳይነካው እያራቅሽው ነው ወደ ፊት የሚሄደው! እኔ ደደብ፣ ስድስት ወር ሙሉ ዓይኔ ሥር!»

ሰዉ ሳቀ። ሄርዲስ አልሳቀችም። እንጨቱን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ወደ ልብስ መቀየሪያው ገባች።

ተከትያት ሄጄ በር ላይ ጠበቅኳት። ለብሳ ስትወጣ «ሌላ ነገር ልበሽ በቃ፤ ካልሲ እኮ ነው» አልኳት። ምላሴን በቆረጠው ኖሮ።

«ዑናር ነው የሠራው» አለች። «መርከብ ላይ፣ አልጋው ላይ ተጋድሞ። እኔ እንደማልችል ያውቃል። ሃያ ሰባት ዓመት በእጄ አጥቤ፣ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ አድርቄ፣ አንዲት ክር አልተመዘዘችም። ሰማህ? አንዲት።» ከዚያ ሄደች።

ሆን ብላ አልነበረም የምታርቀው። አሁን ሳስበው እሷም አላወቀችም፤ እጇ ብቻውን ነበር የሚጠነቀቀው።

ሁለት ሳምንት አልመጣችም። ሙቅ ገንዳውም ብቅ አላለችም። ፋብሪካው በር ላይ ባገኛት ብዬ ሁለት ጊዜ ሄጄ ሳላናግራት ተመለስኩ፤ ምን ልበል? ቤቴ ውስጥም የሚያነጋግረኝ ጠፋ፤ ሚስቴ «አንተ ሰው የሞተበትን ሰው እንዲህ ነው የምታናግረው?» ብላ ተቆጥታኛለች። ልክ ናት።

በሦስተኛው ማክሰኞ በሩ ተበረገደ። ሄርዲስ የፋብሪካውን ብርቱካናማ የላስቲክ ሱሪ ለብሳ ገባች።

«አንድ ቃል እንዳትናገር» አለች።

«ምንም አላልኩም።»

«ፊትህ ተናግሯል። ጫን!»

መቶ አሥሩን ጫንኩ። ዘንጉ ላስቲኩን እየቧጠጠ፣ እንደ ዳክዬ እየጮኸ ወጣ። ሁለታችንም ሳቃችንን መያዝ አቃተን። በዚያው ሳምንት መቶ አሥራ አምስት። በቀጣዩ መቶ ሃያ። ከዚያ የቀረን ይዞ መቆየት ነበር፤ ስቱርላ ስም ሲያነብ እንኳን ብረት ቡና ይዘህም እጅህ ይዝላል። ስለዚህ እሷ መቶ ሃያ ሁለቱን ይዛ ስትቆም እኔ የስኪር ዕቃ አንስቼ ከጀርባው ያለውን ጽሑፍ በስቱርላ ድምፅ አነብላታለሁ። «የተጣራ... ወተት...» ስል «አታስቀኝ፣ ይወድቅብኛል!» ትላለች። የመጨረሻው ዓርብ ላይ ከወተቱ ጀምሬ ፋብሪካው አድራሻ ድረስ ጨረስኩ፤ አልጣለችውም። እኔም ያቺን ሌሊት እንደ ሕፃን ተኛሁ።

እሑድ ሲደርስ ነፋስ ነበር። ባንዲራዎቹ ይጮኻሉ፣ ሕፃናቱ ጣታቸው እየደነዘዘ አይስክሬም ይልሳሉ፤ እኛ ጋ በጋ እንደዚህ ነው። መንደሩ በሙሉ ወደቡ ላይ ወጥቷል። የሬይኪያቪኩ ጎረምሳ አዲሱን ልብሱን ለብሶ ወዲያ ወዲህ እየተንጠራራ ነው፤ ሄርዲስ ካልቻለች ተራው የእሱ ነው።

ሄርዲስ መጣች። እግሯን አየሁት። ግራጫ፣ እስከ ጉልበት የተሳበ፣ ሁለት ቡናማ መስመር።

«ኧረ በፈጠረሽ!» አልኩ። «ላስቲኩ የታለ? ተስማምተን አልነበረም?»

«አንተ ነህ የተስማማኸው። ዑናር ጋ የዓሳ ፋብሪካ ሱሪ ለብሼ አልሄድም።»

መንገድ ለቀቅኩ።

መጀመሪያ ስትሞክር ብረቱ ከመሬት የወረቀት ውፍረት ያህል ብቻ ለቀቀና ተመለሰ። እጇ ያንኑ ሥራውን ሠራ፤ አራቀው። ሁለተኛው ላይ እስከ ጉልበቷ አደረሰችው፤ ግን ወደ ፊት ነበር፣ ጀርባዋ ጎበጠ፣ ብረቱ ድንጋዩ ላይ ሲያርፍ እግሬ ሥር መሬቱ ነዘረኝ። ጎረምሳው መንጠራራቱን አቆመ።

«ይበቃል ሄርዲስ» አለ ስቱርላ። በማሾፍ አልነበረም፤ እንዲያውም ድምፁ ለስልሶ ነበር። «ማንም እዚህ አድርሶት አያውቅም፤ ከሴቶች ማለቴ ነው።»

ጠጋ አልኳት። ላብ በላብ ሆናለች። «አውልቂው» አልኳት በጆሮዋ። «አንድ ደቂቃ ነው። አንሺና መልሰሽ ልበሺው።»

ካልሲዎቿን ቁልቁል አየቻቸው።

«ሲሰጠኝ ምን እንዳለኝ ታውቃለህ?» አለች። «‹ይሙቅሽ› ነው ያለኝ። ሌላ አላለም። እኔ ግን እንዳይነካብኝ ስጠብቀው፣ ካልሲውን ራሱን ሳሞቀው ኖርኩ።» አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «ዞር በል ከፊቴ።»

ዘንጉን በእግሯ ሳበችው፣ ቅልጥሟ ላይ እስኪለጠፍ። ዳሌዋን ወደ ኋላ። ጀርባ ቀጥ። ብብት ጠበቅ። አየር ወደ ሆድ። ዘንጉ ተወጠረ፣ ሲጢጥ አለ፣ ለቀቀ። የዛገው ብረት ሱፉን ነከሰና ይዞት ወጣ። በነፋሱ መሐል እንኳ ድምፁን ሁላችንም ሰማነው፤ ጥርቅ፣ ጥርቅ፣ ጥርቅ፤ አንዲት ክር ሳትመዘዝ የኖረው ነገር ረድፍ በረድፍ ሲበጠስ። እሷ አልቆመችም። ጉልበቷን አለፈ፣ ጭኗ ላይ ደረሰ፣ ዳሌዋን ገፋችውና ቀጥ አለች።

«አንብብ!» ብዬ ስቱርላ ላይ ጮህኩበት።

«ሃልፍዳን...» አለ። አንድ መርከብ የሚያልፍ ያህል ቆየ። «ስኩሊ...» የሄርዲስ ጣቶች ነጭ ሆኑ። «ብራንዱር...» ጣቶቿ አንድ በአንድ መከፈት ጀመሩ፤ አየኋቸው። ስቱርላም አያቸው። ያ በሕይወቱ ተጣድፎ የማያውቅ ሰው ቀሪዎቹን ለማግበስበስ አፉን ከፈተ። «ቶርላኩርዑና...»

«አታቻኩለው!» አለች ሄርዲስ በጥርሷ መካከል። «የወንድሜን ስም... በሥርዓቱ!»

ስቱርላ ኮፍያውን አወለቀ። «ቶርላኩር» አለ። ቆመ። «ዑናር» አለ፤ ቀስ ብሎ፣ ሙሉውን፣ እንደ ሁልጊዜው።

ከዚያ ነው ብረቱን ያስቀመጠችው። ያስቀመጠችው ነው የምላችሁ፤ አልጣለችውም፤ ዳሌዋን ወደ ኋላ አድርጋ፣ እንዳስተማርኳት። መንደሩ ጮኸ፣ መርከቦቹ ጡሩምባ ነፉ፤ ጎረምሳው ራሱ አጨበጨበ፤ መጥፎ ልጅ አይደለም ለካ። እኔ አለቀስኩ፤ ነፋሱ ነው አልኳቸው።

የግራው ካልሲ ከመሐል ተቀዷል፤ የምትደማው ቅልጥሟ በቀዳዳው ይታያል። «ፋሻ እናድርግልሽ» ሲሏት «ጀልባው ይቆማል እንዴ?» ብላ ገባችና ሦስተኛው ቦታ ላይ ተቀመጠች። እኔ ሁለተኛው ላይ ነኝ፤ ትንፋሿ ጀርባዬ ላይ ይሰማኝ ነበር። እንዴት እንደምትቀዝፍ ልንገራችሁ? መጥፎ አድርጋ ነው የምትቀዝፈው። ሁለት ጊዜ ወገቤን በመቅዘፊያዋ መታችኝ። ሰባቱ አለቶች ግን ደረስን።

እዚያ ስንደርስ መቅዘፊያ እናነሳለን፤ አንናገርም። ስቱርላ ጉንጉኑን ለመጣል ከፍ ሲያደርግ «ቆይ» አለች። ስዞር ጎንበስ ብላ የግራውን ካልሲ አወለቀች። የተመዘዘውን ክር ጫፍ ፈለገች፣ ጉንጉኑ ላይ አሰረችው፤ ሹራብ መሥራት ባትችልም የዓሳ ሠራተኛ ናት፣ ቋጠሮ ታውቃለች። «አሁን ጣለው» አለች።

ጉንጉኑ ውሃው ላይ አረፈ። ማዕበሉ ቀስ እያለ ወሰደው፤ ክሩ ተወጠረና ካልሲው እጇ ላይ መፈታት ጀመረ። አንድ ረድፍ። ሌላ ረድፍ። እየዞረ፣ እየዞረ፣ ግራጫው ክር በውሃው ላይ እየረዘመ ሄደ። አንዳንዴ ሲይዝ በጣቷ እየነካካች ታላቅቀዋለች። ስቱርላ ቢላዋውን አውጥቶ «ልቁረጠው?» አለ በሹክሹክታ።

«ተወው» አለች። «የሠራው እሱ አይደል? ይፍታው።»

ቡናማዎቹ መስመሮች መጡ፤ አንደኛው፣ ከዚያ ሁለተኛው። ከዚያ ጫፉ ከጣቶቿ አመለጠና ጉንጉኑን ተከትሎ ሄደ። እጇ ላይ የቀረው ከቀዳዳው በታች ያለው እግሩ ብቻ ነበር፤ አጣጥፋ ኪሷ ከተተችው። ባዶ እግሯ ከብርዱ የተነሳ ቀይ ሆኗል።

«ብርድ አይልሽም?» አልኳት።

«ይላል እንጂ!» አለች፤ ድምፁ የሄርዲስ ነበር፤ ውሃ ውሃ ቢልም። «ምን ተቀምጠሃል ታዲያ? ቅዘፍ!»